የተዋሰ እንዲመልስ፦ የመጻሕፍት ማስታወሻ ቃል ታሪክ ከዋድላ ደጋ እስከ እጅ ስልክ

ስለ ቤተ መጻሕፍት ሲነሣ በቅድሚያ የሚወሳው የመጻሕፍቱ ብዛትና የሕንፃው ግዙፍነት ነው። የመጽሐፍን ዕድል የሚወስነው ግን የተቀመጠበት ቤት ብቻ አይደለም። ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ አንባቢው የሚሄድበትና ተነቦ የሚመለስበት መንገድም ጭምር ነው። በመደርደሪያ ላይ ተቆልፎበት የሚኖር መጽሐፍ ንብረት ሊባል ይችላል፤ ዕውቀት የሚሆነው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። መተላለፉም የሚጸናው «የወሰድኸውን መልስ፤ ሌላው እየጠበቀ ነው» የሚለው ትንሽ ቃል ከሰዓቱ ሲደርስ ነው። ይህ ቃል ያልደረሰ እንደሆነ የተዋሰው ሰው ይረሳል፣ የሚጠብቀው ተስፋ ይቆርጣል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል።

ዛሬ በብዙ አገሮች ይህን ቃል የሚያደርሰው ከኮምፒዩተር ተነሥቶ ወደ አንባቢው የእጅ ስልክ የሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ጥያቄው እጅግ የቆየ ነው። ይህም በሰሜን ወሎ በኮንና በአካባቢዋ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የአገሪቱ ትልቅ የመጻሕፍት ስብስብ የተበተነው ከዚያው ከዋድላ ማዶ ነውና።

ገደልና ቃል

ኮን የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የዋድላን ደጋ በሰሜን በኩል ከላስታ የተከዜ ሸለቆ፣ በደቡብ በኩል ከደላንታ የጅጣ ገደል ይለዩታል። ከአፋፉ ላይ የቆመ ሰው ከማዶ መንደር የሚወጣውን ጢስ በዓይኑ ያያል። እዚያ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን መውጣት አለበት። ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ዓይን ያየውን እግር አይደርስበትም። እንዲህ ባለ አገር ቃልን ማድረስ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበረ።

ለእያንዳንዱ ጉዳይም የየራሱ መሣሪያ ነበረው። ለሐዘን ጥሩምባ ይነፋል፤ ለጸሎት ደወል ይደወላል፤ ለመንግሥት ትእዛዝ ነጋሪት ይጎሰማል። አዋጅ የሚነገረው ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቀን ሲሆን፣ ዐዋጅ ነጋሪው «ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እያለ ይጀምር ነበር። ይህ የአዋጅ መክፈቻ ከሥነ ሥርዓት የበለጠ ትርጉም አለው። የነጋሪት ድምፅ ከአንድ ኮረብታ አያልፍም፤ ስለዚህ አዋጁ የሰማውን ሁሉ መልእክተኛ ያደርገዋል። ከገበያ የተመለሰው ገበሬ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ከገደሉ ማዶ ላለው ዘመዱ ያደርሳል። ቃሉ በአንድ መስመር ብቻ እንዲሄድ አልተተወም።

ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስማቸው ከሚጠራው የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ ሲዘዋወር ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ወሬውንና መልእክቱንም ይዞ ይዞር ነበር። መጽሐፍ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ትምህርቱ በአብዛኛው በቃል የሚጠና ነው። ይሁን እንጂ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂል እንደሚያመለክተው የብራናው ክብር ከፍ ያለ ነበረ።

የብራናው ኅዳግ

የብራና መጽሐፍ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። አንድን ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ ብዙ እንስሳት ይታረዳሉ፤ ቆዳው ተወጥሮ ይፋቃል፤ ጸሐፊውም ለወራት ይደክማል። ይህን ያህል ሀብትና ድካም የፈሰሰበት ዕቃ በዘፈቀደ ከቤት ሊወጣ አይችልም። የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት የሚጠብቀው ቄሰ ገበዝ መጻሕፍቱንም በኃላፊነት ይጠብቅ ነበር።

ይሁንና መጻሕፍት መሄዳቸው አልቀረም። ለመገልበጥ፣ ለማስተማር፣ ለበዓል አገልግሎት ከደብር ወደ ደብር ይዋሳሉ። በኢትዮጵያ ብራናዎች ኅዳግና በባዶ ገጾቻቸው ላይ የሚገኙት ማስታወሻዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከነዚህም መካከል የደብሩን ዕቃ የሚቆጥሩ መዝገቦች አሉ። መጽሐፉን ማን እንደ ሰጠ የሚናገሩ አሉ። የትኛው መጽሐፍ በማን እጅ እንዳለ የሚያመለክቱም አሉ። የስጦታውን ማስታወሻ ተከትሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የግዝት ቃል ሲሆን፣ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም ጽሑፉን የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ያዛል።

በዛሬ አነጋገር ይህ የግዝት ቃል ለተዋሹ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። አሠራሩም ብልሃት አለበት። ማስታወሻው በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ተጻፈ መጽሐፉ በደረሰበት ይደርሳል፤ ሌላ መልእክተኛ አያስፈልገውም። መጽሐፉ በተገለጠ ቁጥር «የማን ነኝ፣ ወዴት ልመለስ» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ድካሙም እዚያው ላይ ነው። ቃሉ ኃይል የሚኖረው ግእዙን ማንበብ በሚችልና ግዝቱን በሚፈራ ሰው ዘንድ ብቻ ነበር። ፊደሉን የማያውቅና ግዝቱ የማያስረው ሰው በመጣ ጊዜ የኅዳጉ ጽሑፍ መጽሐፉን ሊጠብቀው አልቻለም።

ከደላንታ ሜዳ እስከ ለንደን

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን አሰባስበው ነበር። አብዛኞቹ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሺህ ይጠጋ እንደ ነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች ገልጸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጓዙት የዋድላን ደጋ አቋርጠው፣ በጅጣ ገደል ላይ መንገድ እያስቀደዱ ነው። ጥቂት ቆይቶም በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በዚሁ በዋድላና በደላንታ በኩል አልፎ በሽሎን ተሻገረ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። ከአምባው የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ መጣ። እዚያም ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ የሙዚየሙ ዋነኛ ገዥ ነበረ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ወደ ለንደን ተጓዙ፤ ከቀሩት ብዙዎቹ ጦሩ ሲመለስ በትግራይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ካህናት ተሰጡ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ድርጊት በመጻሕፍት ማስታወሻ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፣ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁትም ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍና «ኵርዓተ ርእሱ» የተባለው ሥዕል እንዲመለሱ ነበር። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጡ ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ስለ ነበሩት አንዱን መለሰ። ሥዕሉን ግን ሆልምስ ለራሱ ይዞት ስለ ነበር ሳይመለስ ቀረ።

ከዚህ ላይ ሊተኮርበት የሚገባ ቁም ነገር አለ። ከተወሰዱት በመቶዎች ከሚቆጠሩ መጻሕፍት መካከል በዚያን ጊዜ የተመለሰው በስሙ ተጠርቶ፣ ያለበት ቦታ ታውቆ፣ ለያዘው አካል የተጻፈለት ነው። በእርግጥ የመቅደላ መጻሕፍት የተዘረፉ እንጂ የተዋሱ አይደሉም፤ ሁለቱ ሊቀላቀሉ አይገባም። ሆኖም የማስታወሻ ቃል ሦስት መሠረቶች ከዚህ ታሪክ ይገኛሉ። እነርሱም ምን እንደ ወጣ የሚናገር መዝገብ፣ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ፣ ወደ ያዘው ሰው የሚያደርስ መንገድ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ መጽሐፉ አይመለስም።

ፖስታ፣ ስልክና የንባብ ክፍል

ሦስተኛው መሠረት፣ ማለትም መንገዱ፣ በኢትዮጵያ መልኩን መለወጥ የጀመረው በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ነው። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ዐወጁ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በዚያው ዘመን ሐረርን ከአዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። ጥንት በገበያ ይጎሰም የነበረው ነጋሪትም በ1934 ዓ.ም. ስሙን ለመንግሥት የሕግ ጋዜጣ አወረሰ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ።

ቤተ መጻሕፍትም በዚሁ ሂደት የሕዝብ ተቋም መሆን ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር በሚለው ስሙ የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጥያቄው ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር ወጣ። ፊደል የቈጠረው ገበሬ የሚያነበው ነገር ያስፈልገው ነበርና በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች ተከፈቱ።

እነዚህ ሁሉ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የመመለሻው ቃል ችግር አልተፈታም ነበር። በኢትዮጵያ ፖስታ በየቤቱ የሚታደል ሳይሆን በፖስታ ሣጥን የሚደርስ ነው፤ ሣጥን ያለውም በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ነው። የመደበኛው ስልክ መስመር ከከተማ ብዙም አይርቅም ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ የሚያውስ ቤት የመረጠው መንገድ የጥንቱን የሚመስል ሆነ። አንባቢው ዋስ ይጠራል፤ መታወቂያውን ወይም ገንዘብ ያስይዛል፤ ከሚሠራበት ወይም ከሚማርበት ቦታ ደብዳቤ ያመጣል። ጊዜው ሲያልፍ ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይም በተማሪ አፍ ይላክበታል። ዋስትናውና መያዣው ግዝቱን ተኩ። ዋስ የሌለው ድኻ አንባቢ ግን መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ አውጥቶ ሊያነብ አልቻለም። የማስታወሻው መንገድ መጥበብ የንባቡን በር አጠበበው ማለት ነው። ጉዳዩ የአስተዳደር ብቻ ሳይሆን የባህልም ጉዳይ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

አጭር የጽሑፍ መልእክት

በዓለም ላይ የመጀመሪያው አጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ እጅ ስልክ የተላከው በእንግሊዝ አገር ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ የሞባይል ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተቋርጦ ቆይቶ በመስከረም 2000 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በአገሪቱ የነበረው አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ በመሆኑ ሁሉም ቁጥር በአንድ ቤት ሥር ነበረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ጀምሮ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ሲከፍት፣ ከ09 ከሚነሡት ቁጥሮች ጎን ከ07 የሚነሡ ቁጥሮች መጡ። በዚህ ጊዜ የቃል መንገድ ሁለት ሆነ።

የመንገዱ መብዛት የሚያስከትለውን ጣጣ ለመረዳት የሌላውን ዓለም ልምድ ማየት ይጠቅማል። በኒውዚላንድ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ያሠራው፣ በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለው «ኮሃ» የተባለ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር አለ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ይህ ሶፍትዌር የተዋሾችን መዝገብ ይይዛል፤ የመመለሻው ቀን ሲቃረብም ማስታወሻ ይልካል። በአሜሪካ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ማስታወሻውን የሚልኩት በኢሜይል መልክ ነበር። እያንዳንዱ የቴሌኮም ኩባንያ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ስለ ነበረው፣ ወደዚያ የተላከው ኢሜይል ወደ ስልክ መልእክት ይለወጣል። ክፍያ ስለማይጠይቅ ዘዴው ተወደደ። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱ የእያንዳንዱን አንባቢ ኩባንያ ጠይቆ መመዝገብ ነበረበት። አንባቢው ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ ሲዛወር ማስታወሻው ድምፅ ሳያሰማ ይጠፋል፤ ላኪው እንደ ላከ፣ ተቀባዩም ምንም እንዳልተላከለት ያምናሉ። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ ይህን አገልግሎት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ጨርሶ ዘጋው። በነፃ የተገኘው መንገድ በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የቆመ ነበረና ሲዘጋ በእርሱ ላይ የተደገፉት ሁሉ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ለኢትዮጵያ የሚሻለው መንገድ ከኩባንያዎቹ ጋር በስምምነት የሚሠራበት የአጭር ቁጥር መንገድ ነው። ሕዝቡ የአጭር ቁጥርን ጥቅም ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ8028 በኩል ለገበሬው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የግብርና ምክር በድምፅ ማሰማት ጀምሮ ነበር። ቤተ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ሲሠራ አንባቢው የየትኛው ኩባንያ ደንበኛ እንደሆነ መጠየቅ የለበትም። መዝገቡ የሚይዘው ቁጥሩን ብቻ ሲሆን፣ መልእክቱን በየመስመሩ ማከፋፈል የላኪው መሣሪያ ተግባር ይሆናል። አንባቢው ሁለት ቁጥር ካለው የትኛው ላይ እንዲላክለት ራሱ ይምረጥ፤ ቁጥሩን ሲለውጥም በቀላሉ የሚያሳውቅበት መንገድ ይኑረው።

ሰባ ፊደል

የመልእክቱ አቀራረብም የራሱ ሥርዓት አለው። አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ብቻ ይሸከማል። በላቲን ፊደል የተጻፈ እንደሆነ 160 ፊደል ይይዛል። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ቢገባም፣ በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ባይት ስለሚወስድ አንድ መልእክት ከ70 ፊደል አያልፍም። ከዚያ ቢበልጥ ለሁለት ይከፈላል፤ ክፍያውም በዚያው መጠን ይጨምራል። ቀደም ሲል ብዙ ስልኮች ፊደላችንን ስለማይጽፉና ስለማያሳዩ ሕዝቡ አማርኛውን በላቲን እየጻፈ ይላላክ ነበር።

70 ፊደል ሲታይ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን የግእዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ በጥቂት ቦታ ብዙ ይናገራል። «የተዋሱት መጽሐፍ መመለሻ ቀን ነገ ነው። እባክዎ ይመልሱ ወይም ያሳድሱ።» የሚለው ሙሉ ማስታወሻ ከክፍተቱና ከነጥቡ ጋር 45 ምልክት ብቻ ነው። ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ሰምና ወርቅ አሟልቶ የሚያስተላልፍ የቅኔ ባህል ባለበት በዋድላ የቃል ማጠር እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ቅኔው ምስጢሩን ሲደብቅ ማስታወሻው መግለጥ ያለበት መሆኑ ነው። በጥድፊያ የተጻፈ፣ ከባዕድ ቋንቋ እንደ ወረደ የተገለበጠ፣ የሚያመናጭቅ መልእክት አንባቢን ያርቃል። ስለዚህ የማስታወሻውን ቃል ማዘጋጀት ለቴክኒክ ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም፤ መምህሩና ደራሲው ሊሳተፉበት የሚገባ የቋንቋ ሥራ ነው።

የሚነገረውን ያህል የማይነገረውም ሊታሰብበት ይገባል። በገጠር አንድ ስልክ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ ማንበብ ለማይችለው አባት ልጁ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የመጽሐፉ ርእስ በመልእክቱ ከተጻፈ አንባቢው ምን እንደሚያነብ ቤቱና ጎረቤቱ ያውቃል። ለዚህም ርእሱን ትቶ ቀኑንና የቤተ መጻሕፍቱን ስም ብቻ መግለጽ ይበጃል። ስልኩ የሚገባበት ሰው ራሱ ፈቅዶ የሰጠው ቁጥርም ለማስታወሻ እንጂ ለሌላ ጉዳይ ሊውል አይገባም።

መስመር ሲቋረጥ

አጭር መልእክት የራሱ ትዕግሥት አለው። የተቀባዩ ስልክ የተዘጋ ወይም ከኔትወርክ ውጪ የሆነ እንደሆነ፣ መልእክቱ ወንዝ እስኪጎድል እንደሚጠብቅ መንገደኛ በማእከሉ ይቆያል፤ ስልኩ ሲከፈት ይደርሳል። ነገር ግን የተመደበለት ጊዜ ካለፈ ይጠፋል። በገደል በተከፋፈለው በዋድላና በላስታ ደጋ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ማስታወሻው በመጨረሻው ቀን የተላከ እንደሆነ ከኔትወርክ ውጪ ላለው አንባቢ ሳይደርስ ቀኑ ያልፋል። ቀደም ብሎ መላክና መድረስ አለመድረሱን የሚገልጸውን ምላሽ መመርመር ያስፈልጋል። መልእክቱ ሳይደርሰው በቀረ አንባቢ ላይ ቅጣት መጣልም ፍትሐዊ አይሆንም።

ከዚህ የከበደ መቋረጥም ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ወሎ በነበረው ጦርነት ስልክና መብራት ለወራት ጠፍተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቃልን ለአንድ መስመር ብቻ አደራ ማለት አደገኛ እንደሆነ የዋድላ ሰው ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በስልክ የሚላከው ማስታወሻ የማስታወሻ ሰሌዳውን፣ የመምህሩን አፍና የገበያውን ቀን ሊያግዛቸው እንጂ ሊያጠፋቸው አይገባም። መዝገቡም በኮምፒዩተር ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይ ሊኖር ይገባል። መዝገብ ከጠፋ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ያስመለሰው በስሙ የታወቀውን መጽሐፍ ነውና።

እንግዲህ የብራናው ግዝት፣ የንጉሡ ደብዳቤ፣ የዋሱ ፊርማና የስልኩ መልእክት አንድ ሐሳብ ይዘው የተጓዙ ናቸው፤ እርሱም መጽሐፍ የጋራ ነው የሚለው ነው። ግዝቱ በፍርሃት፣ ዋስትናው በገንዘብና በዘመድ ይተማመኑ ነበር። የስልኩ ማስታወሻ በአንባቢው ፈቃድና ክብር ሊተማመን ይችላል። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አብርሆትን የመሰለ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። በኮንና በመሰሏ የወረዳ ከተሞች ትንሽም ቢሆን መጽሐፍ የሚያውስ ቤት እንዲጸና ግን ከሕንፃው በፊት መታሰብ ያለበት ይህ ሥርዓት ነው። ዋስ የሌለው የገበሬ ልጅ ስልክ ቁጥሩን አስመዝግቦ መጽሐፉን ወደ ቤቱ ይዞ መሄድ የቻለ ዕለት የንባቡ በር ለእርሱም ተከፍቷል ሊባል ይችላል።